ሸክላው ሲዞር

ሂዩስተን ተኝታለች። ጭጋጉ ከጅረቱ ላይ ገና አልተነሣም።
ኢላሪዮ ግን ቧንቧ ይዟል፤ ሸክላ ካላጠጡት ለማንም አይራራም።
ሜዳው እንደ ጾመኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠጣል፤
መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ኋላ ደግሞ ይቀላል።
«ካበዛህበት ይጨቀያል» አለኝ፣ «ካሳነስክበት ይበናል፤
ይህ አፈር እንደ አማት ነው፤
ልኩን የሳትክ ለት ጉድህን ያወጣል።»

እኔ የሳምንት ቅጥር ነኝ፤ መረብ ጎታች፣ መስመር ጠራጊ፤
እሱ ግን ስንት ዓመቱ፣ የዚህ ቀይ ምድር አሳዳጊ።

በቋንቋዬ ሸክላ ሲባል፣ አንድም ጡብ ነው፣ አንድም ድስት፤
አንድም ያ ጥቁር ክብ፣
በመርፌ ሲጫር የሞተ ሰው የሚዘፍንበት።
ኢላሪዮን ሳየው፣ ገመድ በትከሻው፣ ሰፊ መረብ ከኋላው፣
ከዳር ተነሥቶ፣ እየዞረ፣ እየጠበበ፣ ወደ መሐል ሲገባው፣
መርፌው እሱ ነው አልኩ።
ሸክላውም ይኸው።
ዘፈኑስ የማነው?

ውድድሩ ዘላን ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል፤
ጓዙን በጀርባው አዝሎ ከከተማ ከተማ ዞሯል።
ኦማሃ ተወለደ አሉ። ኢንዲያናፖሊስ ከርሞ ጎጆ ቀለሰ፤
አንድ ጠዋት አፈሩ ተዛቀና ሜዳው ጠንካራ ቀለም ለበሰ።
ቻርለስተን የባሕር ጨው ቀመሰ፤ ኦርላንዶ ጥቂት አረፈ፤
ሻንጣውን ሳይፈታ ያደረበትም አለ፣ ማንም ስሙን ያልጻፈ።
ዋንጫው ላይ የሰው ስም እንጂ የሜዳ ስም የለም፤
የረገጠ ይጻፋል፤
የተረገጠ አይጻፍም።

የኢላሪዮ አባት እዚያ ሰሜን ግራጫ ሜዳ ሲጠርግ ኖሮ፣
ያ ሜዳ የፈረሰ ቀን አንድ እፍኝ አፈር ይዞ ወጣ፣
በማርማላታ ጠርሙስ ቋጥሮ።
ዛሬም መሣሪያ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ከቅባት ጣሳው አጠገብ፣ ከሰበረ እጀታው መዶሻ ጎን።
«እዚህ ለምን አልበተንከውም?» አልኩት፤ ልቤን ሰርቆት ግጥም።
ሳቀብኝ።
«ያ ግራጫ፣ ይሄ ቀይ። እድፍ ይሆናል፤ አያምርም።»

ቅዳሜ። ፀሐዩ ናላ ያዞራል።
ታዴዩ የሚሉት ልጅ፣ ማጣሪያ አልፎ የመጣ፣ ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚት የቀላ፣
ከዊትከም ጋር ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ይዟል፤
ዊትከም አንዲት ነጥብ ቀርታዋለች፤ አንዲት ብቻ፣ ሌላ ምንም አላጣ።
የልጁ ኳስ ጥግ ወደቀች። «ውጪ!» አለ የመስመር ዳኛው።
ሕዝቡ ሊሄድ ቦርሳውን አነሣ፤
ልጁ ግን በጣቱ መሬቱን አሳየ፤ ወረደ ዳኛው ከማማው።

ሲሚንቶ ላይ ኳስ ትክዳለች፤ ሣር ላይም ትዋሻለች፤
ሸክላ ላይ ግን
ፈርማ ነው የምታልፈው፣ ቃሏን ትታ ትሄዳለች።

ዳኛው አጎነበሰ። ያየው አሻራ ከመስመሩ ሁለት ጣት ወጥቷል።
ጣቱን ቀሰረ፤ ነገሩ አልቋል።
ያኔ ዊትከም መረቡን ዞሮ መጣ፤ እኔ ሊጨብጠው መስሎኝ።
በራኬቱ ጫፍ ሌላ ምልክት ከበበ፣ ከነጩ መስመር የተጣበቀ፤
«ያኛው የቅድም ነው፤ ይቺ ናት» አለ።
አደባባዩ ጸጥ ረጭ አለ። አንድ ሕፃን ብቻ አለቀሰ።

ያቺን ነጥብ አጣ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጨዋታውንም አጣ።
ማንም አላመሰገነው፤ እሱም አልጠበቀ፤
ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ በጓሮ በር ወጣ።

ሲመሽ ኢላሪዮ ገመዱን አነሣ።
ያቺ የራኬት ክብ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ቢያንስ ይዘገያል ብዬ ጠበቅሁ።
አልቆመም።
መረቡ ሄደባት፤ ነገ ፍጻሜ ነው፣ ሜዳው ጠባሳ አይወድም።
ሹ… ሹ… ሹ…
ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሸክላ የሚያሰማው ያ ሹክሹክታ፤
መርፌው ገና ያልተነሣ፣ ዘፋኙ የሄደ ለታ።

ከዚያ ወገቡን ይዞ ቆመና ገመዱን ወደኔ ወረወረ፦
«ሁለተኛውን ሜዳ አንተ። ከዳር ጀምር።»