ስድሳ ሁለት እርምጃ

ድሮ መንገድ ስለካ፣ በኪሎ ሜትር ነበር፤
ከደሴ እስከ አሰብ፣ ከደጋ እስከ ባሕር።
ተሳቢ ጎትቼ፣ ባቲን ሳልፍ ሌሊት፣
ኤሊዳር ላይ ምሳ፣ አሰብ ወደብ እራት።

ስድሳ ሁለት እርምጃ ነው ዛሬ አገሬ፤
እስከ ድንጋዩ ድረስ፣ ከቆርቆሮ አጥሬ።

ደሴ ላይ ሜዳ የለም፤ ወይ ትወጣለህ፣ ወይ ትወርዳለህ፤
መሐል ላይ ከደከመህ፣ የሰው አጥር ይዘህ ትቆማለህ፤
ሴትዮዋ በመስኮት «ማንን ፈለጉ?» ስትልህ፣
«ማንንም፤ ትንፋሼን ነው» ትላለህ።

ድንጋዩን ማንም አልጠረበው፤ ማንም አላሰበው፤
የመንገድ ሥራ ሲያልቅ የተረፈ ነው።
ከመታጠፊያው ጥግ፣ ከሰይዱ ሱቅ አጠገብ፣
ከጉልበት ዝቅ ያለ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፤
ለሦስት ሰው ይበቃል፤ አራተኛው ቆሞ ነው።

ይማም ሙሄ ይመጣል፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ጡረተኛ፤
ሠላሳ ዓመት የተዘጋ ክስ ከፍቶ ይሟገታል ከእኛ።
ጦይባ ከታች ትመጣለች፣ ሁለቴ አርፋ፣ ምርኩዟን ተደግፋ፤
በሻርፗ ጫፍ ሎሚ ቋጥራ፣ ወሬውን ከሎሚው አስቀድማ ዘርግፋ።
አራተኛዋ እታፈራሁ ናት፤ ቁጭ በይ ብንላት አትቀመጥም፤
«ከተቀመጥኩ የሚያነሣኝ የለም» ትላለች፤ ግን አትሄድም።

ምን ታወራላችሁ ይሉናል። ምን እናወራለን?
ባጃጅ ስንት እንደገባ፣ ማን እንዳሳለ፣ ጉሙ መች እንደሚነሣ።
ይኼ ወሬ ነው እንዴ?
ይኼ ነው ሰውን ከአልጋ የሚያነሣ።

ሐኪሙ በወረቀት «በቀን ሠላሳ ደቂቃ ይራመዱ» ብሎኛል፤
ወዴት እንደሆን ግን አልጻፈም፤ እሱን ድንጋዩ ነግሮኛል።

ሐምሌ ሳይገባ ሎደር መጣ፣ ቦይ ሊያሰፋ። ሥራው ልክ ነው፤
አምና ጎርፉ የሰይዱን ሱቅ እስከ ሚዛኑ ድረስ ዋጠው።
ማንም ክፉ አላሰበም። ልጁ መሪውን አዞረ፣
ድንጋዩን እንደ ጥርስ ነቅሎ ገልባጭ ላይ ወረወረ።
እኔም አሮጌ ሾፌር፣ እጁን አይቼ «ጎበዝ!» አልኩት፤
ምን እንደወሰደ የገባኝ በነጋታው ነው፤ ልቀመጥ ስል አጣሁት።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አጠረ። መጀመሪያ አጥሩ፣ ከዚያ በረንዳው፣
ከዚያ መስኮቱ። ከዚያ የመስኮቱ መጋረጃው።
ልጄ ከሐዋሳ ደውላ «ደህና ነህ?» ትላለች፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤
ቀን ሙሉ ያወጣሁት ይኼንኑ ሁለት ቃል ነው፤ እቆጥራለሁ።

ጦይባ ወድቃ ዳሌዋ መሰበሩን የሰማሁት
በአሥራ አንደኛው ቀን፤
ሰማንያ ሜትር ርቀን።
ድሮ የአሰብን የጭነት ዋጋ ባቲ ሳልደርስ እሰማ ነበር፤
የጦይባ አጥንት አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት፤ እንዲህ ሰፍቷል ለካ አገር።

መስከረም ሲጠባ አንድ የሲሚንቶ ቱቦ፣ አፉ የተሰነጠቀ፣
ማንም ባለቤቱን ሳይጠይቅ መታጠፊያው ላይ ጥጉን ይዞ ዘለቀ።
ሰይዱ ባዶ የስኳር ጆንያ አለበሰው። ክብ ነው፤ ያንሸራትታል፤
ጠዋት እንደ በረዶ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ይችላል።
እታፈራሁ መጥታ አየችው። ምንም ሳትል ተቀመጠች።
ልትነሣ ስትል ይማም እጁን ዘረጋ፤ ያዘች።

እኔ ግን ስድሳ ሁለትን አለፍኩ፤
ከሰይዱ ሁለት ሎሚ በዱቤ ወስጄ፣ ኮቴ ኪስ ከትቼ፣ ቁልቁል ወረድኩ።
ዘጠና ሦስት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የሰው አጥር ያዝኩ።
ሴትዮዋ በመስኮት «ማንን ፈለጉ?» አለች።
«ጦይባን» አልኳት። «ትንፋሼንም።»
ዱካ ይዛ ወጣች።

ጦይባ የጠየቀችኝ ባጃጅ ስንት እንደገባ ነው፤ ነገርኳት።
ጉሙ ሲወርድ ስመለስ ዱካው እዚያው ደጅ ነበር፤
አላስገባችውም። ተቀመጥኩበት።