ስንዝርና አውራ ጣት

ቀኑ ሳይፋጅ ገና ታይዋን ደረስኩኝ፣
በደረት ኪሴ ውስጥ አንድ ወታደር ያዝኩኝ፤
ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እኔው ያቀለጥኩት፣
ቆቡን አረንጓዴ ትናንት የቀባሁት፤
ቁመቱ ከጫማው እስከ ቆቡ ጫፍ
ከጣቴ አንድ አንጓ እምብዛም የማያልፍ።

ሂቦ በሸራው ስር ዕቃዋን ዘርግታ፣
ማራገቢያ፣ ሽቶ፣ የወተት ቆርቆሮ በሰልፍ አስገብታ፣
"ምን ልስጥህ፣ አባባ?" ብላ ጠየቀችኝ።
"አውሮፕላን" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።
"ለልጅ ልጅ ነው?"
"ለራሴ ነው" አልኩኝ።
ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ስታበቃ፣
ካርቶኑን ደፋችው፦ የሰማይ ጭነት፣ የፕላስቲክ ዕቃ።

አንዱ መብራት አለው፣ ሲሽከረከር ይጮሃል፤
አንዱ ሆደ ሰፊ፣ መንገደኛ ይጭናል፤
አንዱ የጦር ነው፣ ግን አብራሪው ሲታይ
ሎሚ የሚያህል ራስ ተክለውለታል ትከሻው ላይ።
ወታደሬን አውጥቼ ከጎማው ጎን ባቆመው፣
ጎማው በቁመት በለጠው።
እንዲህ ያለ ጎማ ያኔ ብናወልቅ፣
ክሬን ከጅቡቲ ነበር የምንጠይቅ።

"ይሄስ?" አለች ሂቦ። አነሰ። "ይሄስ?" ሰፋ።
ካርቶን ሙሉ ሰማይ ኖሮ፣ ልክ ግን ጠፋ።

ከታች፣ ከካርቶኑ ጥግ፣ አቧራ ለብሶ
አንድ ቀጭን ወጣ፣ የክንፉ ጫፍ ተቆርሶ፤
ስንዝር ነው ርዝመቱ፣ ከጭራ እስከ አፍንጫ፣
ሾጣጣ፣ የማውቀው ግራጫ።
ወታደሬን ቀስ አድርጌ ከክንፉ ስር ሳስጠጋ፣
ክንፉ ልክ አረፈ ደረቱ ጋ።
እጄ ሳላዘው አናቴን ዳበሰኝ፤
እዚያ ጠባሳ አለ፣ አየር ምድብ ሳለሁ፣ ጥይት ተሸክሜ
ጎንበስ ማለት ስረሳ ከዚያ ክንፍ የደረሰኝ።
ካሊፐሬን ከኪሴ ማውጣትም አልፈለግኩም፤
ስምንት መቶ አለች፤ አልተከራከርኩም።

ማታ፣ ከዚራ፣ በሮብሌ ቤት፣ ሁለት በርሜል መሃል
አሮጌ በር ተጋድሟል፤ እሱን ጦር ሜዳ ብለነዋል።
የደቻቱ አሸዋ ፈሶበታል ከላይ፤
ጆንያው ተራራ ነው፣ ገመዱ ሐዲድ ነው ሲታይ።

ሮብሌ ስንዝሬን አየና ራሱን ነቀነቀ፦
"ትልቅ ነው" አለ፣ "ይሄ ከልኩ የላቀ።"
"ልኩ ነው!" አልኩት፣ "ክንፉ ደረት ድረስ!
ሰባ ሁለት ጊዜ ብታገዝፈው
ያው ነው፣ ሆዱን የማጥበው፣ ዘይት የሚያፈስ።"

"ለአንተማ" አለ፣ "ቆሞ ነው የምታውቀው፣ መሰላል አስደግፈህ።
እኔ ፍሬን ያዥ ነበርኩ። ሽንሌን አለፍ ብለህ
ሰማዩ አጓራ። ከፉርጎው ስር ገባሁ፣
በብረቱ መሃል ቀና ብዬ አየሁ፤
ይህቺን ታህል ነበር።"
አውራ ጣቱን አቆመ።
"የማን እንደሆነች ያወቀ አልነበረም።
ትልቅ ናት ቢሉኝ እስከ ዛሬ አላመንኩም።
ፉርጎ ሙሉ ስኳር ሲነድ አሸተትኩኝ፤
ከዚህች ጣት ነው የወጣው? እያልኩ ቀረሁኝ።"

ከዚያ ከቁልፉ መያዣ አንዲት አውሮፕላን ፈታ፣
ከቁልፍ ጋር ስትፋጭ ቀለሟን አጥታ፣
አውራ ጣት የምታህል። በሽቦ አንጠልጥሎ
ከአምፖሉ ስር ሰቀላት፣ "ይቺ ናት ልኩ" ብሎ።

ክርክር ሆነ። እኔ በሰባ ሁለት፣ እሱ በሦስት መቶ፤
ልጁ ጠብ መስሎት ሰማን ከጓዳ ወጥቶ።
በመጨረሻ የኔ ስንዝር ከሜዳው ጥግ ይቁም አልን፣ ነዳጁን ይሙላ፤
በሰማይ የሱ ጣት ትብረር፤ ሌላው ይቅር ለኋላ።

ወታደሬን ላስጠጋ እጄን ስዘረጋ
ሽቦው ተወዛወዘ፣ ወደ አምፖሉ ተጠጋ፤
ጥላዋ ወረደ አሸዋው ላይ፣
ሐዲዱን አቋርጦ፣ ወታደሬን ሸፍኖ፣
ከአፍንጫ እስከ ጭራ... ስንዝር ይሆን? ምን ሆኖ?

ሮብሌም አየው። ዝም አለ።
ካሊፐሬን አወጣሁ፤ ልለካው ጎንበስ ስል
መብራት ሄደ።
ማራገቢያው እየዘገየ ቆመ።

"ተራው የማን ነበር?" አለ ሮብሌ በጨለማው።
"ያንተ ነው" አልኩት። አሸዋው ገና ይሞቃል ስነካው።