ማስቲሹ እስኪደርቅ

ከጣርማ በር በታች፣ ጉሙ ሲወርድበት፣
የተንጠለጠለ ጎማ ነው የደጃፌ ምልክት።
በዘይት ካርቶን ላይ ስልሳ አራት ቤት ሠርቼ፣
ለጠፋው ግንብ ምትክ አንድ ብሎን አቁሜ፣ ደብረ ሲና ገብቼ፣
እጫወታለሁ ቼዝ፣
ማስቲሹ እስኪይዝ።

መጀመሪያ የመጣው ሾፌሩ እንግዳሸት፣
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ሲወጣ ዳገት፣
የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ አርጎ፣
በአራተኛው ጨረሰኝ፣ ሳቁን በጋቢው ሸሽጎ።
በሳምንቱ ሲመለስ ጠበቅሁት ፈረሴን አውጥቼ፤
«ማን ነገረህ?» አለኝ።
«አንተው፤ ባለፈው ሞቼ።»

ይመኙሻል ደግሞ፣ የሚኒባስ ረዳት፣
ንግሥቴን ከቤት ቤት እያዞረች አሳደደቻት።
«ወይዘሮ» አለችኝ «በጠዋት አትዞርም፣
ፈረሷ ሳይጫን ከደጇ አትሻገርም።»
ንጉሥን ከግንቡ ጥግ መሸሸግ በጊዜ
ከአንድ ወሎዬ ለመድሁ፣ በሦስት ቀን ትካዜ።

መጽሐፍ የሚሰጠውን ስሙን አላውቅለት፤
በዱቤ ደብተሬ ላይ «የእንግዳሸት» አልኩት፣
ያኛውን «የይመኙ»፣ ሠላሳ ብር ካለባት።

ግን አሥረኛው ላይ ስንደርስ፣ ሲጥም ነገር፣
ማስቲሹ ይደርቅና ይነሣል ሞተር።
«ስመለስ እንጨርሳለን።» መብራቱ በጉም ይሰምጣል፤
ብሎኔ ከነወታደሩ ተፋጥጦ ይቀመጣል።
ስንት በር ከፈትሁ! ከየሰው፣ ከየአገሩ፤
አንድም ቀን አላየሁ የውስጡን ነገሩን።

ዛሬ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘጋ።
እንግዳሸት መጣ፣ ባትሪውን አስጠጋ።
«ጎማዬ ደህና ነው» አለኝ። ካርቶኔን ዘረጋሁ፤
አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ
እጄን አየር ላይ ረሳሁ።