ያለ ምስማር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ቆርቆሮ ለባሽ ናት የኔ የእንጨት ቤት።
በጎኔ ብሎኬት አምራች፣ ፊት ለፊቴ ጎሚስታ፤
ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ፣ ያለ ፋታ።

አንድ ቅዳሜ መጣ፤ ሽበታም፣ ረዥም፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ፤
"ሰላም" አለና፣ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ የጠረጴዛ ሆድ ነካ።
ሌላው ገዢ ቫርኒሹን ዳብሶ ይረካል፤
እሱ ተንበርክኮ፣ ገልብጦ፣ መገጣጠሚያውን በጥፍሩ ይለካል።
ቦንሳ፣ ተለማማጄ፣ ጠቀሰኝ በቅንድቡ፦
"የውጭ ሰው ነው ጋሼ፤ ጨመር ይበል እንጂ ሂሳቡ።"
እኔም ለጎረቤት ስምንት ሺህ የምሸጠውን
አሥራ አራት አልኩት፤ ምላሴ አልተደናቀፈም፣ ጆሮዬ ግን ታዘበው እሱን።

አልተቆጣም። በተሰባበረ አማርኛ
"አስተማሪ" አለኝ፤ "ኦምዱርማን። ሒሳብ። አሁን ስደተኛ።"
ቦሌ ዞሯል፣ መገናኛ ዞሯል፤ ላዩ ወርቅ፣ ዋጋው ወርቅ፣
ውስጡ ግን ወረቀት፤ ዝናብ ሲሸተው የሚወድቅ።
ሐምሌ ላይ የገዛው ቁምሳጥን እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤
ልብሳቸው ወለል ላይ፣ በሩ እንደተንጠለጠለ።
ከዚያ ቀና ብሎ "አሥራ አራት ትክክል አይደለም" አለ፤
ደብተሬን በቀይ ያሰመረበት መሰለ።

የሚፈልገው አልጋ ነው። ቃሉ ጠፍቶበት በእጁ ነገረኝ፤
አራት ጣት አቆመ፤ ከዚያ አየር ላይ ገመድ ሲጎነጉን አሳየኝ፤
አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከስር፣ ወጥሮ፣ አጥብቆ፤
"አንገረብ" አለ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ተጠንቅቆ።

"የጠፍር አልጋ!" ብዬ ጮህኩ፤ ቦንሳ መጋዙን አቆመ።
ጓሮ አንድ አለ፣ የአባቴ፤ የኮላ ጣሳ እየተሸከመ
የከረመ፤ ጠፍሩን አይጥ የበላው፣ ዋንዛው ያልታመመ።
ጎትተን አወጣነው። እንግዳው ጫማውን አወለቀ፣ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ።
ለረዥም ጊዜ አንዱን እግር ይዞ ቆየ። ከዚያ ጠየቀኝ፦
"ሲፈታ፣ ይፈታል?"

"ይጠነክራል ወይ?" አይደለም። "ስንት ዓመት ይኖራል?" አይደለም።
"አንድ ቀን፣ ስንሄድ..." አለ፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

እሺ አልኩት። ሦስት ሳምንት፤ ያለ ምስማር፣ ያለ ኮላ፣
ወንዱን ከሴቷ አጋጥሜ፣ ሽብልቁን በቀስታ ከኋላ።
ከአሮጌው ሦስት እግር ተረፈ፤ አራተኛውን ከአዲስ ዋንዛ አወጣሁ፤
በሰባት ሺህ ጨረስን፤ የቦንሳን ማጉረምረም እንዳልሰማ ወጣሁ።
ጠፍሩን የወጠረችው ሚስቱ ናት፣ ኢኽላስ፤ አራተኛ ፎቅ፣ እግሯን ተክላ።
እኔ ቆሜ ተማርኩ ከእጇ፤
ቋጠሮው ከኛው በአንድ ዙር ይበልጣል፤ ጫፉን የያዘላት ትንሹ ልጇ።

ሁለት ክረምት አለፈ።

ባለፈው ማክሰኞ መጣ ኡስታዝ ሙርታዳ፤ አማርኛው ተቃንቶ፣
ጃንጥላውን ደጅ አራግፎ፣ ገብቶ።
"ስንገላበጥ ሲጢጥ ይላል" አለ፤ "አያስተኛንም አልጋው፤
ኮላ አድርግበት፤ ምስማርም ምታበት፤ ግድ የለም፣ ይብቃው።"
ይህን ሲል እኔን አላየም፤ ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ ያይ ነበር።
መሳሪያዬን አንስቼ ተከተልኩት፤ ኪሴ ውስጥ እፍኝ ምስማር።

አልጋውን አጋደምኩት። ሽብልቁ ደርቆ ላልቷል።
የዋንዛ ቁራጭ በስሱ ጠረብኩ፤ ቸኩለው ያስገቡት ይሰነጥቃል።
አንዱን እግር፣ ሁለተኛውን፣ መዶሻዬን በጨርቅ ጠቅልዬ።
"ኮላው?" አለኝ።
"አዎ" አልኩት፣ ዓይኑን ሽሽት ጎንበስ ብዬ።

ተቀመጠበት። ድምፅ የለም።
ደረጃውን ስወርድ ግን
ምስማሮቹ ኪሴ ውስጥ ይንጫጩ ነበር።