ያለ ቲኬት

ዘጠኝ ብር ከሃምሳ በሌሊት ተቀንሷል፤
ስልኬ ከትራሴ ሥር ሁለቴ ተንፍሷል።
ሙቀቱ ከቤት አውጥቶኝ ከሽቦ አልጋዬ ላይ፣
በኒሙ ቅጠል መሃል ሰማይ ሰማዩን ሳይ።
«ቀሪ ሂሳብዎ» ይላል። ቀሪስ እኔ ራሴ፣
ባቡሩ ሲሄድ የቀረሁ ከነአሮጌ ኪሴ።

መጀመሪያ ሰባት ነበር። ዝም አልኩ።
ባንክ ነው፣ መቁረጥ ሥራው ነው አልኩ።
በሳምንቱ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ስድስት፣
ደግሞ ስድስት፤
የት እንደሄደ የማይናገር፣ ስም የሌለው ደረሰኝ፤
አንዳንዴም እኔው አውጥቼ የረሳሁት መሰለኝ።

እኛ የደቻቱ ሰዎች ጎርፍ መሸሽ እናውቃለን፤
ገና ከሩቅ ሲያጓራ ልጅ ታቅፈን እንወጣለን።
ግን በበጋ፣ በጠራራ፣ በደረቁ ወንዝ መሃል፣
አንድ ባልዲ አሸዋ ቢጎድል ምን ብሎ ሰው ይጮኻል?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቲኬት ስበሳ ኖሬ፣
ከደወሌ እስከ አዋሽ ከፉርጎ ፉርጎ ዞሬ፣
ያልከፈለ ያስታውቃል፤ ጉልበቱን ደጋግሞ ያጥፋል፣
መስኮቱን አጥብቆ ያያል፣ ወይ ሳይተኛ ያንኮራፋል።
አንዷን ግን አልረሳትም፣ ከአፍደም የተሳፈረች፣
ሕፃን አዝላ፣ ፍየል ይዛ፣ ከበሩ ሥር የቆመች።
«የለኝም» አለች።
ዐይኔን እያየች።
መብሻዬን ኪሴ ከተትኩ። እስከ ሁርሶ ሄደች።
ለአለቃዬ አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም አልነገርኳትም።
ይኸኛው ግን ዐይን የለውም፤
አንድ ቀን እንኳ ቀርቦ «የለኝም» አላለኝም።

ከሳቢያን እስከ ከዚራ በባጃጅ፣ ደርሶ መልስ አርባ።
ሰልፉ ረዝሞ ጠበቀኝ ከባንኩ ደጅ ስገባ።
ኢፍራህ ናት መስኮት አራት፣ ሂና በነካው ጣቷ
ወረቀቴን አሰመረች፣ ቀይ ነው እስክሪብቶዋ።
«ሙሴ አንበርብር፣» አለችኝ፣ «ሲደመር ሠላሳ ዘጠኝ ከሃምሳ፤
የባጃጁ አርባ። ለሃምሳ ሳንቲም ኪሳራ ነው ይህ ሁሉ አበሳ?»
ሳቀች። ሰልፉም ሳቀ።
የበርጫ ሰዓት የደረሰበት አንዱ «ኧረ ይተዉት» አለ፣ ተነጫነጨ።

«ልጄ፣ ያለ ቲኬት የሄደን ዋጋው ስንት ነው አንልም፤
ስንት ፌርማታ ሄደ ነው። ካላወረድነው አይቆምም።
ዛሬ ሽንሌ ከደረሰ፣ ነገ ጅቡቲ ነው ያለው።»
ይኼኔ ሳቋን ዋጠችው። ሥራዋ ነው፣ ታውቀዋለች፤
ሌባ በሩን በአንድ ጣት ነው መጀመሪያ የሚነካው።

ማን ይሆን? ከማሽኑ አጠገብ
«አባባ ልርዳዎት» ያለኝ፣ ካርዴን ገልብጦ ያየው ልጅ?
ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታው የሰው ወዳጅ፤
ወይስ ድሬን በካርታ እንኳ የማያውቃት፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው?
አላውቅም። ፊት ሳላይ መፍረድ ልማዴም አይደለ።

«እንግዲህ ይህን ካርድ እንቆርጠዋለን» ብላ መቀሷን ስታነሣ፣
«ቆይ» አልኳት። ከኮቴ ኪስ፣ ከመሃረቡ ተነሣ
ያ መብሻዬ፤ ጥርሱ የዛገ፣ እጄን ግን ያልረሳ።
ካርዱን አፉ ውስጥ አገባሁ።
ጨበጥኩ።
ጠቅ!
ቁጥሮቹ መሃል ላይ ቀዳዳ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፤
ፍንጣሪዋ ባንኮኒው ላይ ዘላ ስትንከባለል፣
«ውረድ!» አልኩት ለማላየው።
በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ቅጽ ሞላሁ። «ይጣራል» አሉ።
ሠላሳ ዘጠኙ ከሃምሳ እስከ ዛሬ በመጣራት ላይ ነው።

ማታ ከኒሙ ሥር ስልኬ ሁለቴ ተነፈሰ፤
ልቤ ዘሎ ጉሮሮዬ ደረሰ።
መነጽሬን ፈልጌ፣ ብርሃኑን ወደ ዐይኔ አስጠግቼ፣
አንድ በአንድ አነበብኩት ፊደሉን ተንተባትቤ፤
ለአዲስ ካርድ፣ የአገልግሎት፣ ሃምሳ ብር ተቀንሷል።

ይሁን።
ይኼኛውስ ቲኬት ይዟል።