ግልባጭ

ማተሚያ ቤቱ ሲፈርስ ቆሜ አየሁት ከማዶ፣
ሠላሳ ዓመት የተደገፍኩት ግድግዳ ሲሄድ ተንዶ።
ጡቡን ጠርገው ሲሸጡት ከአስፋልቱ ዳር ደርድረው፣
ሁለት መቶውን ገዛሁ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው።

አይሱዙው ጣፎ አድርሶ እጓሮዬ አራገፈው፤
የሺመቤት ብቅ ብላ፣ «ይሄ ደግሞ ለምንህ ነው?»
«ለዳቦ ምድጃ» አልኳት፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ቃል፤
አንዴ ካፍ የወጣ ነገር እንግዲህ የት ይመለሳል።

ምንትዋብ ስልኳን አምጥታ አንድ ፈረንጅ አሳየችኝ፤
ቋንቋው ባይገባኝም እጁ፣ እጁ ግን አስተማረኝ።
«የበሩ ቁመት» ብላ ልጄ፣ «ከጉልላቱ ተለክቶ
ስልሳ ሦስት ይሁን በመቶ።»
ነጥብና ሚሊ ሜትር ስቆጥር ነው ያረጀሁት መቼም፣
ስልሳ ሦስት ካሉኝ ስልሳ አራት አላደርገውም።

ከወለሉ ሥር፣ ሙቀቱን መሬት እንዳይጠጣው ብዬ፣
ከግሮሰሪ ባዶ ጠርሙስ በጆንያ አመጣሁ አዝዬ።
ሰፈሩ አየኝና «ጠጪ ሆነ» አለ፣ «ጡረተኛው።»
ይበሉ። ሰባብሬ ቀበርኩት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

የመጀመሪያውን ጉልላት በሲሚንቶ ነው የሠራሁት፣
ከሲሚንቶ የሚጠነክር ምን አለ ብዬ አምኜበት።
በሦስተኛው ቀን እሳት ለኮስኩ።
ጧ! አለ።
ስንጥቁ ከበሩ ተነስቶ እስከ አናቱ ዘለቀ፤
ከየረር በኩል ዝናብ መጣ፣ ማታውኑ ተደርምሶ አለቀ።
የሺመቤት ሻይ አቀብላኝ ገባች። ዝምታዋ ነው የከፋው።

ጉተማ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና፣
«ሲሚንቶ እሳት ይጠላል፣ ጭቃ ነው የሚችለው» አለና
ጫማውን ፈታ።
ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጭድ እየበተነ፣ እየረገጠ፦
«ሳምንት ይቡካ፣ ይሽተት፤ ያልሸተተ ጭቃ አይጨብጥም።
ሊጥም እንደዚሁ አይደል? ያልቦካ ለሰው አይቀርብም።»

አሸዋ ከምረን፣ እንደ እርጉዝ ሆድ ክብ አድርገን አለሰለስነው፤
ጭቃው እንዳይጣበቅበት አሮጌ ጋዜጣ አለበስነው፤
ከአልጋዬ ሥር የኖረ ጋዜጣ፣ በእጄ ለቅሜ የደረደርኩት፣
እያንዳንዷን ሆሄ ከሣጥኗ፣ በእርሳስ፣ በግልባጭ ያሰለፍኩት።
እርጥብ ወረቀት፣ በላዩ ጭቃ፣ በላዩ ደግሞ ጭቃ፤
ከዚያ ጥበቃ።
ሃያ አንድ ቀን በሸራ ሥር። በጣቴ እንኳ አልነካሁትም፤
አንዴ የፈረሰበት ሰው ሁለተኛ አይቸኩልም።

አሸዋውን በበሩ በኩል በጣሳ ዝቄ ስጨርስ፣
ባትሪ ይዤ ራሴን አስገባሁ፣ ትከሻዬ እስኪደርስ።
ጣሪያው ተጽፎበታል።
ቀለሙ ከወረቀቱ ወደ ጭቃው ተላልፏል፤
ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ፣ ቀኙ ወደ ግራ ዞሮ፣
ልክ በጣቴ ሥር እንደነበረው ድሮ።
ሌላ ሰው ቢያየው እድፍ ነው። እኔ አነበብኩት፦
የስንዴ ዋጋ። የኳስ ውጤት። የጠፋ መታወቂያ።
የሙት ዓመት። ሁለት ክፍል ቤት፣ የኪራይ ማስታወቂያ።
እዚያው አናቱ አጠገብ ደግሞ አንዲት ስህተት አገኘሁ፤
«ሥራ» በሚለው ቃል ላይ፣ ንጉሡ ሠ ሲገባው፣
እሳቱን ሰ አስገብቼ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ማንም ሳያየኝ፣ እኔም ራሴን ሳላይ።
በአውራ ጣቴ ልፍቃት አልኩና ተውኩ።
እሳቱ ያርማት።

አምስት ቀን በጭራሮ፣ በቀስታ፣ እርጥበቱን እየሳብኩ፤
በስድስተኛው የባሕር ዛፍ ግንዲላ ጨመርኩ።
ጣሪያው መጀመሪያ ጠቆረ፤ የስንዴው ዋጋም፣ ኳሱም፣
የሞተውም የጠፋውም፣ አንድ ጥላሸት ሆኑ ሁሉም።
ቀጥሎ እሳቱ ሲበረታ ጥላሸቱ ራሱ ተበላ፤
ጉልላቱ ነጣ፣ ያልታተመበት ገጽ፣ ምንም የሌለበት ሌላ።

የመጀመሪያው ዳቦ ከሰለ። የጉተማ ውሻ አሽትታው ሄደች።
ሁለተኛው ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ ሊጥ። የሺመቤት ሳቀች።
ሦስተኛውን ቆርሼ ስሰጣት አኝካ ዝም አለች።
ይሄኛው ዝምታ ሌላ ነው።

ግልባጭ፦
ለጉተማ፣ ጭቃ በእግሩ ላቦካው፣ አንድ ሙሉ ዳቦ፤
ለምንትዋብ፣ የበሩን ልክ ለነገረችኝ፣ ከነኮባ ቅጠሉ፤
ለማኅደር፣ የከሰለው።