ጉድጓድ ቁጥር ሰባት

ከጅማ ወደ ዴዶ፣ አስፋልት ካለቀበት፣
በእግሬ አዘገምኩ፣ በጭቃው፣ በድሮው አቀበት፤
በእጄ ያለው ካርታ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣
ቀዩ ነጥብ ደብዝዞ የቁስል ጠባሳ መስሏል።
ከነጥቡ ግርጌ፦ «ላጋ ቡሬ። ብር፣ ወርቅ። የተቋረጠ።»
ጽሕፈቱ የኔ ነው። ያኔ እጄ አልተንቀጠቀጠ።

ሃያ ስድስት ዓመት! በዶማ የቀደድነው
የሁለት መቶ ሜትር ቦይ ግራዋ የወረሰው ነው፤
አንድ በሬ ከመሃሉ ገብቶ ይግጣል፣
ቀንዱ ብቻ ብቅ ይላል፣ ይሰወራል።

ተማም አባ ፎጊ ከኋላዬ ደረሰ፣
ያኔ ናሙናችንን በበቅሎ ያመላለሰ።
«ኢንጂነር» አለኝ፤ ስሜን ረስቶታል፤
እኔም አላረምኩት።
«ሰባተኛዋን ልታያት ነው?» አለ
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
የዘመድ መቃብር እንደሚያሳይ ሰው።

ሲሚንቶ ክዳኗ ላይ በምስማር የጫርነው
ገና ይነበባል፦ ጉ፯፣ መቶ አሥራ ሁለት ሜትር።
ጎንበስ ብዬ አንኳኳሁ።
ማን ይከፍትልኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ከዚህ በታች፣ አንድ ዘመን፣ ውሃ ይፈላ ነበር፣
ማንም ያልተጠመቀበት፣ ስም ያልወጣለት ጠበል።
ሰው ሳይኖር፣ ዝንጀሮ ሳይኖር፣ ዝናብ ብቻ ሳለ፣
ትኩሱ ውሃ በስንጥቅ ሽቅብ እየዘለለ
ከጥልቁ የሰረቀውን በየደረጃው ጣለ፤
እንደ ስፌት ሰበዝ፣ ነጭ ዙር፣ ጥቁር ዙር።
ጥቁሩ ብር ነው።
ብር ድንጋይ ውስጥ ሳለ አያበራም፣ ጥላሸት ይመስላል፤
ወርቁ ደግሞ ከዓይን ያንሳል።
ያብለጨለጨውማ ሁሉ ፓይራይት ነበር፣
ልጆች በኪሳቸው ሞልተው ሂርማታ የወሰዱት፣
አንጥረኛው ስቆ የመለሰላቸው።

የላቦራቶሪው ደብዳቤ የመጣ ለት ይዘንብ ነበር።
ሰባተኛዋ፣ ሰማንያ አንደኛው ሜትር፣
ወርቅ፦ በቶን አራት ግራም።
ጨፈርን። በግ ታረደ። ሾፌራችን ከበርሜል ላይ ወጥቶ ፎከረ።
ስምንተኛዋ፦ ዜሮ።
ዘጠነኛዋ፦ ዜሮ።
አሥረኛዋ ቀይ አፈር ብቻ ይዛ ወጣች፤
ሥሩ ተቆርጦ፣ ወዴት እንደዞረ፣
መሬት ዝም አለች፣ ማንም አልተናገረ።
ብር ስንፈልግ ብር አለቀብን፤
ድንኳኑ ተነቀለ።
ለተማም ያስረከብነው አንዲት ጎጆ፣
የሰባተኛዋን ሃያ ስምንት ሳጥን ድንጋይ፣
«ጠብቅልን፣ እንመለሳለን» የምትል ቃል፣
የሦስት ወር ደሞዝ።

ስለቀረው ሃያ አምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር
አልጠየቀኝም።

ጎጆዋን ከፈታት። ድንጋዩ መሬት ላይ ተደርድሯል፣
ሜትሩ በሜትሩ፣ አንድ ስባሪ አልጎደለ።
«ሳጥኖቹስ?» አልኩት።
በአገጩ ወደ ዋንዛው አመለከተኝ።
ሁለት ሁለት ሆነው፣ አፍ ለአፍ ተጋጥመው፣ በጠፍር ታስረው
ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል፤
የእጄ ጽሕፈት ተዘቅዝቆ፦ «ጉ፯፣ ከ፸፰ እስከ ፹፪»፤
ከቁጥሩ ሥር ባለች ቀዳዳ ንብ ይወጣል፣ ንብ ይገባል።

«እንጨቱን ምስጥ ሊጨርሰው ነበር» አለ፤
«ድንጋይን ምስጥ አይበላም።
አደራ ያላችሁኝ ደግሞ ድንጋዩን ነው።»

ማሩን በቅል ሰጠኝ፣ ከነሰፈፉ።
አያቴ ቅኔ ቆጣሪ ነበሩ፤
ሰሙን ገፈህ ወርቁን አውጣ ይሉኝ ነበር፣ በልጅነቴ።
ይኸው፣ ወርቅ ወርቅ ስል ጸጉሬ ሸበተ፤
ሰሙ ግን ጥርሴ ላይ ቀረ፣
ቆሜ አላመጥኩት።

ስንወጣ የሰማንያ አንደኛውን ሜትር ድንጋይ
ሳላስበው ኪሴ ከትቼዋለሁ።
ተማም መዳፉን ዘረጋ።
«ቦታው መልሰው፣ ኢንጂነር።
ነገ ደግሞ ካርታ ይዞ የሚጠይቀኝ ሌላ ይመጣል።»